የገና ጨዋታን ወደ ሊግ ለማሳደግ ለምትመኙ፤ ከቫሌንሲያ የተጻፈ ደብዳቤ

የተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ታኅሣሥ በተጋመሰ ቁጥር ስለ ገና ጨዋታ መዳከም የሚጻፈውን ሁሉ በትኩረት ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። አገር ቤት ካሉትም በውጭ ከሚኖሩት ወዳጆቼም ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ስንጨዋወት ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም የገና ጨዋታ እንደ እግር ኳሱ የራሱ ሊግ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው የራሱ ተጫዋቾችና በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የራሱ የውድድር ዘመን ቢኖረው ከመጥፋት ይድናል የሚለው ነው። መንዝ ተወልጄ፣ ታኅሣሥ በገባ ማግሥት ጀምሮ ሩር (የገናን ኳስ) በዱላ ስለጋ ያደግሁ ሰው እንደመሆኔ ሐሳቡን ከልቤ እወደዋለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን መውደዴ ብቻ አይደለም። አሁን በምኖርባት በስፔኗ ቫሌንሲያ ይኸው ጥያቄ ከሠላሳ ዓመታት በፊት ተነሥቶ፣ በሥራ ላይ ውሎ፣ በከፊል ተሳክቶ በከፊልም ተሰናክሎ ስላገኘሁት፣ የዚያን ታሪክ መነሻና መድረሻ ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ቫሌንሲያ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለችም። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2020 የ5,000 ሜትርን፣ በ2021 ደግሞ የግማሽ ማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚህችው ከተማ ነው። አማኔ በሪሶ በ2022፣ ሲሳይ ለማ በ2023 የማራቶኑን ውድድር አሸንፈውባታል። በእነዚያ ቀናት ሰንደቅ ዓላማችንን ይዘን ጎዳና ዳር ከቆምነው መካከል ግን ከሩጫው መድረሻ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከ1868 ጀምሮ ሰዎች በመዳፋቸው ኳስ የሚመቱበት አዳራሽ መኖሩን የምናውቀው ጥቂቶች ነበርን። አዳራሹ ፔላዮ ይባላል፤ ጨዋታው ደግሞ ፒሎታ። ጨዋታው በኦሊምፒክ ከምናውቀው የእጅ ኳስ ጋር እንዳይምታታ እለምናለሁ። በፒሎታ ጎል የለም፤ ኳሷን መያዝም ሆነ መወርወር አይፈቀድም። ተጫዋቹ እየበረረች የምትመጣውን ኳስ በባዶ እጁ መትቶ ወደ ተጋጣሚው ይመልሳል፣ ያም መልሶ ይመታል። ከቴኒስ ጋር በዘር የሚገናኝ ስለሆነ ነጥቡ 15 እና 30 እየተባለ ይቆጠራል፤ ሦስተኛው ነጥብ ግን እንደ ቴኒሱ 40 ሳይሆን «ቫል» የሚል የራሱ ስም አለው።

መጀመሪያ ወደ ፔላዮ የገባሁት አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዞ ወስዶኝ ነው። ትሪንኬት የሚሉት ይህ ዓይነቱ መጫወቻ ረጅምና ጠባብ ነው። በአንድ ጎኑ እስከ ዳር ድረስ የተዘረጉ የድንጋይ ደረጃዎች አሉት፣ መሐል ለመሐል ደግሞ ገመድ ተወጥሮበታል። ዋነኛው የጨዋታ ዓይነት «ደረጃና ገመድ» የሚል ትርጉም ያለው ኤስካላ ኢ ኮርዳ የተባለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ለእኔ እንግዳ የሆነብኝ ተመልካቹ የተቀመጠው እዚያው ደረጃዎቹ ላይ፣ ማለትም መጫወቻው ውስጥ መሆኑ ነበር። ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ ከመቀመጫዬ ልነሣ ስል ሽማግሌው ትከሻዬን ጫን አድርጎ «አትንቀሳቀስ፣ አንተ አሁን ግድግዳ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ኳሷ ተመልካቹን ነክታ ብትመለስ ጨዋታው አይቆምም። ነጥቡ ሲያከራክር ደግሞ «ኦሜ ቦ»፣ በእኛ ቋንቋ «ደጉ ሰው» ተብሎ የሚጠራው ዳኛ ዘወር ብሎ ደረጃው ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ያዩትን ይጠይቃል። የመንደሬን የገና ሜዳ ያስታወሰኝ ይኸ ነው። እኛም ዘንድ ሩሯ ከተመልካቹ እግር ሥር ስትገባ ሰው ሁሉ ጠያቂም መስካሪም ይሆን ነበር።

ስለ ኳሷና ስለ እጃቸው ጥቂት ልበል፤ ጉዳዩ ወደ በኋላ ከማነሣው ነገር ጋር ይያያዛል። ቫኬታ የተባለችው ኳስ ስምንት ሦስት ማዕዘን የቆዳ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው በእጅ የሚሰፏት፣ ወደ 40 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ትንሽ ነገር ናት። የሚሠሯት ባለሙያዎች ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዷ ኳስ ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው። የተጫዋቹ እጅ ደግሞ እንዲያው ባዶ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከጨዋታው በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ጣቶቹንና መዳፉን በፕላስተር ይጠቀልላል፤ ከሥሩም የመጫወቻ ካርታ ቁራጭና ሌላም መከላከያ ይደርባል። «እጅ ማበጀት» ይሉታል። ይህን ሥራ ከአባቱ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ያልተማረ ልጅ በአንድ የውድድር ወቅት ውስጥ እጁ አብጦ ከጨዋታ ይወጣል። ፒሎታ ከመጽሐፍ የማይገኝ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕውቀት መሆኑን የተረዳሁት አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አያቱ ፊት እጁን ዘርግቶ ሲያስበጅ ባየሁበት ዕለት ነው።

ሊጉ ከመምጣቱ በፊት ፒሎታ ገንዘብ አይንቀሳቀስበትም ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የቫሌንሲያ ከተማ ምክር ቤት በ1391 ጨዋታውን ከጎዳና ላይ ለመከልከል ሞክሮ ሕዝቡ እምቢ ብሎ መጫወቱን ቀጥሏል። በ16ኛው መቶ ዘመን የከተማዋ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ሉዊስ ቪቬስ የቫሌንሲያውን ጨዋታ ከፓሪሱ ጋር እያነጻጸረ ጽፎበታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጨዋታውን ካኖሩት ነገሮች አንዱ ውርርድ ነው። በትሪንኬቱ ውስጥ ማርቻዶር የሚባል ሰው በመጫወቻው ላይ እየተዘዋወረ በተመልካቾች መካከል ውርርዱን ያገናኛል፣ ያስታርቃል፣ ለቤቱም ድርሻ ይቆርጣል። ተጫዋቾቹን የሚያቧድኑት የትሪንኬቱ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ጠንካሮችን በሦስት ደካማዎች ላይ ያሰልፉና ውርርዱ እኩል የሚከፈልበትን ሚዛን ይፈልጋሉ። ይበልጣል ተብሎ የተገመተው ወገን ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ መታጠቂያ ይታጠቃል። በዚህ አሠራር ተጫዋቹ በጨዋታ ልክ ይከፈለዋል፤ ወር ሙሉ እጁን ቢታመም ግን የሚያገኘው አልነበረም። ጡረታም ዋስትናም አይታሰብም። ይህን የነገረኝ ያው ወደ ፔላዮ የወሰደኝ ሽማግሌ ነው። ወንድሙ በወጣትነቱ በየትሪንኬቱ ሲጫወት ኖሮ በአርባ ዓመቱ በብርቱካን ማሸጊያ ቤት የቀን ሠራተኛ ሆኖ መቅረቱን ሲያወራልኝ ድምፁ ይሰበር ነበር።

ነገሩን የለወጠው አንድ ሰው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1954 ኤል ጄኖቬስ በተባለች መንደር የተወለደው ፓኮ ካባኔስ በመንደሩ ስም «ጄኖቬስ» ተብሎ ይጠራል። እንደ እሱ ያለ ተጫዋች አልታየም በማለት ተቀናቃኞቹ ሳይቀሩ ይመሰክራሉ። የነጠላ ተጫዋቾች ሻምፒዮና በ1986 ሲጀመር አሸናፊው እሱ ሆነ፤ በ1995፣ በአርባ ዓመቱ፣ ከእሱ በብዙ የሚያንሰውን አልቫሮን ገጥሞ ዋንጫውን እንደገና ወሰደ። በ2021 ሲያርፍ ስለ ፒሎታ ምንም የማያውቁ ጎረቤቶቼ ጭምር ስለ እሱ ሲያወሩ ሰማሁ። እሱን ለማየት የሚመጣው ሕዝብ ትሪንኬቶቹ ከሚይዙት በላይ እየሆነ ሲሄድ፣ ጨዋታውን በየዕለቱ ውርርድ ላይ ከተመሠረተ ገበያ ወደ ተደራጀ ውድድር ለመለወጥ ጊዜው መድረሱን ሁሉም አመነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንካይሻ የተባለው የአካባቢው የቁጠባ ባንክ በስሙ የሚጠራ የቡድን ውድድር ደገፈ፣ ካናል 9 የተባለው የክልሉ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጨዋታዎቹን ማስተላለፍ ጀመረ፣ ከተሞችና መንደሮችም በስማቸው ቡድን አቋቋሙ። ዛሬ የፒሎታ ሊግ የሚባለው ከዚያ የበቀለ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍሬ ያፈሩ ናቸው። አንድ የመንደር ልጅ በቴሌቪዥን ታይቶ፣ ስሙ በጋዜጣ ተጽፎ፣ የውድድር ዘመኑ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ አውቆ ሊጫወት ቻለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ተጫዋቾቹን በውል የሚቀጥር ኩባንያ ተቋቋመ፣ የወር ደመወዝና ዋስትና የሚባል ነገርም መጣ። ሆኖም ቡድኖቹ ሚዛን እንዲኖራቸው ተብለው የሚዋቀሩ በመሆናቸው፣ የአንዲትን ከተማ ስም የለበሰው ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሌላ መንደር ልጅ ነበር። ሽማግሌው ስለዚህ ነገር ሲናገር ያዝን ነበር። «ማሊያው የእኛ ነው፣ ልጁ የእኛ አይደለም፤ ታዲያ ለማን ልጩህ?» ይለኝ ነበር። በእኔ አስተያየት በዚያ ሊግ ላይ ከደረሱት ጉዳቶች ሁሉ ቀስ ብሎ የገባውና ሥር የሰደደው ይኸ ነው። ተመልካቹ ሚናውን ለይቶ የሚደግፈው ሲያጣ የሚቀረው ውርርዱ ብቻ ነው፤ ለውርርድ ብቻ የሚመጣ ሰው ደግሞ ልጁን ይዞ አይመጣም።

ሁለተኛው ጉዳት ድንገተኛ ነበር። ባንካይሻ በ2010 ከሌሎች የቁጠባ ባንኮች ጋር ተዋሕዶ ባንኪያ ሆነ፤ ባንኪያ ደግሞ በ2012 ከስሮ በመንግሥት ገንዘብ ተነሣ። ኅዳር 2013 ላይ የክልሉ መንግሥት ካናል 9ን ዘጋው። አንድ ባህላዊ ስፖርት ሁለት ምሰሶዎቹን፣ ገንዘቡንና ምስሉን፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሁለቱንም አጣ ማለት ነው። ተተኪው ቴሌቪዥን አ ፑንት ሥራ የጀመረው በ2018 ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ረጅም ናቸው፤ በዚያ ዕድሜው ጀግናውን በቴሌቪዥን መስኮት ያላየ ልጅ እግር ኳስ ተጫዋች ለመሆን ይመኛል። ጨዋታው በ2014 በሕግ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ተብሎ መመዝገቡ ክብር ነው፤ ነገር ግን የተመዘገበው ልክ ማንም በማያየው ወቅት መሆኑ ልብ ይነካል። ከዚያ በኋላ የሙያ ጨዋታውን አመራር በኩባንያው ምትክ አንድ ለዚሁ የተቋቋመ ድርጅት ተረክቦ፣ ከክልሉ መንግሥትና ከማዘጋጃ ቤቶች ጋር ተባብሮ ሊጉን እንደገና አቋቁሞታል።

ስለ ውል ከተነሣ ዘንድ የባስኮችን ልምድ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በሰሜን ስፔን ያሉት ባስኮች የራሳቸው የመዳፍ ኳስ ጨዋታ አላቸው። ኳሳቸው ከ100 ግራም በላይ የምትመዝን ስለሆነች ከቫሌንሲያዋ በጣም ትከብዳለች፣ የሚመቷትም ወደ ግድግዳ ነው። ከሙያዊነት አንጻር ከቫሌንሲያ ቀድመው ሄደዋል። ዋነኛው የነጠላ ሻምፒዮናቸው ከ1940 ጀምሮ የነበረ ነው፣ በቢልባኦ ከተማም በ2011 ትልቅ አዲስ መጫወቻ ተሠርቶላቸዋል። ነገር ግን ታላላቆቹ ተጫዋቾች በሙሉ ማለት ይቻላል በሁለት ኩባንያዎች እጅ ናቸው። በ2019 ከሁለቱ በአንደኛው ሥር የነበሩት ተጫዋቾች በውላቸው ጉዳይ ተቆጥተው ለሳምንታት አድማ መቱ። ቅጥር መኖሩ ብቻውን ተጫዋቹን እንደማያስከብር፣ ተጫዋቹም የራሱ ማኅበርና የራሱ ድምፅ ሊኖረው እንደሚገባ ያን ጊዜ ሁሉም አየ።

አሁን ደግሞ በቫሌንሲያ ያየሁትን፣ ከሁሉም በላይ የወደድኩትን ልጻፍ። ሊጉ በወደቀባቸው ዓመታት ጨዋታውን ሕያው አድርጎ ያቆየው ትሪንኬቱ ሳይሆን ጎዳናው ነው። ፒሎታ ከመሠረቱ የመንደር መንገድ ጨዋታ ነበር። ትሪንኬት ራሱ ጎዳናን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ደረጃው የቤቶች መግቢያ፣ ሰገነቱ የቤቶች በረንዳ ነው። እስከ ዛሬም በብዙ መንደሮች በበዓል ቀን መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፣ ነዋሪዎች መስኮቶቻቸውን በመረብ ይሸፍናሉ፣ ወንበራቸውን ደጃፋቸው ላይ አውጥተው ይቀመጣሉ። መኪና ሲበዛና መንገዱን መዝጋት ሲያስቸግር አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች የፈጠሩት መላ አስገርሞኛል፤ ከመንደሩ ዳር ለፒሎታ ብቻ የሚያገለግል፣ ማንም የማይኖርበት፣ በረንዳና ደጃፍ የተሠራለት ሐሰተኛ ጎዳና ሠሩ። እዚያ የሚጫወቱት አናጢዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፤ ነገር ግን የየመንደራቸው ልጆች ናቸው። በደቡብ በኩል ባሉት ወረዳዎች ራስፓል የተባለው፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ብትንከባለልም የሚቀጥለው ዓይነት ይበልጥ ይወደዳል፤ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ መሬቱን በመዳፉ እየጠረገ ይመታታል። ለብዙ ዘመን ለወንዶች ብቻ የነበረው ጨዋታ ዛሬ ለሴቶችም ውድድር ተዘጋጅቶለታል፤ በትምህርት ቤቶችም «ፒሎታ በትምህርት ቤት» በተባለ ፕሮግራም ለስላሳ ኳስ ይዘው ልጆች ይማሩታል። የሙያ ሊጉ ተጫዋቾቹን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ጥቂት አሥሮች የሚሆኑ ደመወዝተኞች ከበታቻቸው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የመንደር ተጫዋች ባይኖር ኖሮ ባንኩ በወደቀ ማግሥት ነገሩ ሁሉ አብሮ በወደቀ ነበር።

ወደ እኛው ጨዋታ ልመለስ። የገና ሊግ ይቋቋም የሚሉ ወዳጆቼ ንግግራቸውን የሚጀምሩት ከስፖንሰርና ከዋንጫ ነው። አንዱ የቢራ ፋብሪካ፣ ሌላው ባንክ፣ ሌላው የእግር ኳሱን ፕሪሚየር ሊግ ሲያስተላልፍ የቆየውን ዲኤስቲቪን ይጠራል። እኔ ግን ከሩሯ እንጀምር እላለሁ። ሩር እንዴት ያለች መሆን አለባት? ከምን እንጨት ወይስ ከምን ቆዳ? ስንት ግራም? ማን ይሠራታል? በልጅነቴ በእኛ ቀዬ ለገና ሩር የሚያበጅ አንድ ሰው ነበር፤ ዱላውንም ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ እንጨት ከወንዝ ዳር መርጦ በእሳት እያሞቀ ያቃና ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ልጆቹ ሙያውን አልያዙም፤ አሁን እዚያ መንደር ለገና በዓል የሚለጉት ያገኙትን ነገር ነው። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎቹ ጋር አድርጎ በየዓመቱ ክልሎችን ሲያወዳድር መቆየቱ የሚመሰገን ነው፤ ደንብም አለው። ነገር ግን የዓመት አንድ ሳምንት ውድድር ሩር ሠሪን አያኖረውም። ሊግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሩርና ዱላ የሚገዛ ቡድን ሲኖር ሠሪውም ልጁን ያስተምራል።

ቀጥሎ ያለው ሜዳው ነው። የገና ሜዳ በጥንቱ ጊዜ ወሰን አልነበረውም፤ አንዱ መንደር ሌላውን እያሳደደ ወንዝ ተሻግሮ ሲለጋ ይውል ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋታ በካሜራ አይያዝም፣ ትኬትም አይቆረጥለትም፤ ስለዚህ መስመር ማስመሩ ግድ ነው። ጥያቄው መስመሩ የት ይሰመር የሚለው ነው። ጃን ሜዳ ለታሪኩ ተገቢ ቦታ ነው፤ ሆኖም ሊጉ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከተቀመጠ የላስታው፣ የመንዙና የጎጃሙ ልጅ በቴሌቪዥን የሚያየው የሌላ ሰው ጨዋታ ይሆንበታል። ቫሌንሲያዎች ሐሰተኛ ጎዳና እስከመሥራት የደረሱት መጫወቻው ከመንደሩ እንዳይርቅ ነው። እኛ ግንብ መሥራት አያስፈልገንም፤ በየወረዳው ለቤት መሥሪያ የማይሸነሸን፣ ተለክቶ የተከለለ አንድ የገና ሜዳ ቢመደብ ይበቃል። ይህ ከዋንጫ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ግን ከዋንጫ ይልቅ ውሳኔ ይጠይቃል።

ስለ ተጫዋቹ አካል ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በአንድ የወረዳ ውድድር ላይ አብሮ አደግ ጓደኛዬ በዱላ ፊቱን ተመትቶ ሁለት ጥርሱን አጣ፣ ዓይኑም ተጎዳ። ሜዳው ላይ ሐኪም ቀርቶ ንጹሕ ጨርቅ የያዘ ሰው አልነበረም። አዘጋጆቹ ከጨዋታው በኋላ ጠርተው ያበረከቱለት የምስክር ወረቀት ነበር፤ የሕክምናውን ወጪ የከፈለው በግ ሸጦ አባቱ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የአባቶቻችን አባባል ጌታና አገልጋይ በእኩል ዱላ የሚገጥሙበትን ክቡር መንፈስ የሚገልጽ ነው፤ የተጎዳን ሰው ዝም ለማሰኘት ግን መዋል የለበትም። ጨዋታውን ሙያ እናድርገው ካልን የራስ ቁርና የቅልጥም መከላከያ፣ ሜዳ ላይ የሚቆም የሕክምና ባለሙያ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ተጫዋቹ አንብቦ የሚፈርመው ውልና የመድን ሽፋን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኖር አለበት። ባስኮች ይህን ለማግኘት እስከ አድማ ደርሰዋል፤ እኛ ከዚያ መጀመር እንችላለን።

የውርርድ ጉዳይ በእኛም አገር በእግር ኳሱ ዙሪያ ምን ያህል ወጣት እንዳጠመደ አንባቢ ያውቀዋልና ብዙ አላትትም። ፒሎታን ለዘመናት ያኖረው ውርርድ ነው የሚለው እውነት ገናን በውርርድ እናኑረው ወደሚል ድምዳሜ መውሰድ የለበትም። ቫሌንሲያዎች በዚያ ገንዘብ የኖሩት ሌላ ስላልነበራቸው ነው፤ ትሪንኬቱንም ለረጅም ጊዜ የወንዶችና የአዛውንቶች ብቻ ያደረገው እሱ ነው።

የገንዘቡ ምንጭ ከየት ይምጣ ለሚለው መልሴ አንድ ትልቅ ስፖንሰር ከመፈለግ ብዙ ትንንሾችን መሰብሰብ ይሻላል የሚል ነው። የባንካይሻን ታሪክ ያነሣሁት ለዚህ ነው። አንድ ባንክ ስሙን ለውድድሩ ሲሰጥ ውድድሩም ዕጣውን ከባንኩ ጋር ያቆራኛል። በየወረዳው ያለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ ያለ የአንድ አውራጃ ልጆች ማኅበር የየራሱን ቡድን ቢደግፍ አንዱ ቢጎድል ሌላው ይቆማል። እኛ በውጭ ያለነውም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያና ለትምህርት ቤት ቆርቆሮ እንደምናዋጣው ሁሉ፣ ለአንድ የመንደር ቡድን የዓመት ማሊያና ሩር ማዋጣት አያቅተንም። ቅድመ ሁኔታዬ ግን አንድ ነው፤ የመንዝን ማሊያ የሚለብሰው ልጅ ቢያንስ በሊጉ የመጀመሪያ ዓመታት መንዝ ያደገ ይሁን። ይህ ውድድሩን ሚዛን ያሳጣዋል የሚሉ ይኖራሉ፤ ሊያሳጣውም ይችላል። ተሸናፊው መንደር በሚቀጥለው ዓመት ለመበቀል ልጆቹን ያሠለጥናል፤ የገና ጨዋታ በመላ ዘመኑ የኖረው በዚያ ነው።

በመጨረሻ ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። በቫሌንሲያ የሚታተሙ ዕለታዊ ጋዜጦች ነገ የትኛው ትሪንኬት ውስጥ ማን ከማን እንደሚጫወት የሚገልጽ ሠንጠረዥ ያወጣሉ፤ በማግሥቱም ውጤቱን ከተጫዋቾቹ ስም ጋር ያትማሉ። ካናል 9 ተዘግቶ በነበረባቸው ዓመታት ሽማግሌው ጓደኛዬ ጠዋት ጠዋት ያንን ገጽ ቀዶ በኪሱ ይይዝ ነበር። ሊግ ተቋቋመም አልተቋቋመም፣ በመጪው ታኅሣሥ 29 በጃን ሜዳም ሆነ በየክልሉ ከሚካሄዱት የገና ጨዋታዎች ያገኛችሁትን ውጤት፣ ቦታውን፣ የሁለቱን ወገን ስምና ሩሯን የለጉትን ልጆች ስም ጭምር በስፖርት ገጻችሁ ላይ ብታወጡልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ከመንዝ የሚደርሰኝን ውጤት እኔም በየዓመቱ ልልክላችሁ ቃል እገባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከቫሌንሲያ፣ ስፔን